«ተለዋዋጭ ዓይነት» ወይስ በሥራ ላይ ፍተሻ? ስለ አንድ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ስያሜና ስለ ቋንቋዎቹ ጠቀሜታ

የኮምፒዩተር ትምህርት መጻሕፍትን ወደ አማርኛ በመመለስ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባልደረቦች ከሚልኩልን የቃላት ረቂቅ ውስጥ አንድ ጥንድ ስያሜ ደጋግሞ ያጋጥመናል። ይኸውም የፕሮግራም ቋንቋዎችን በሁለት ከፍሎ፣ እንደ ሲና እንደ ጃቫ ያሉትን «ቋሚ ዓይነት ያላቸው»፣ እንደ ፓይተን፣ እንደ ሩቢና እንደ ጃቫስክሪፕት ያሉትን ደግሞ «ተለዋዋጭ ዓይነት ያላቸው» የሚላቸው ነው። ስያሜው የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል ተከትሎ የወጣ ስለ ሆነ ለጊዜው ልክ ይመስላል። ሆኖም ጽንሰ ሐሳቡን ስቶታል፤ ጽንሰ ሐሳቡን በመሳቱም አንባቢው የእነዚህ ቋንቋዎች ጥቅም ከምን እንደሚመነጭ እንዳይረዳ አድርጎታል። በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ነገሩን፣ ቀጥሎም ጥቅሙንና ጕዳቱን፣ በመጨረሻም ይሆናል የምንለውን ስያሜ እናቀርባለን።

ኮምፒዩተር በማኅደሩ ውስጥ የሚይዘው ሁሉ የዜሮና የአንድ ድርድር ነው። ያው አንዱ ድርድር ቁጥር ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ ፊደል ተብሎም ሊነበብ ይችላል። «ዓይነት» የምንለው እንግዲህ አንድ እሴት ምን እንደ ሆነና ምን ሊደረግበት እንደሚቻል የሚወስነውን መደብ ነው። አምስትና አምስት ቁጥሮች ሲሆኑ ተደምረው 10 ይሆናሉ፤ ጽሑፎች ሲሆኑ ግን ተቀጥለው «55» ይሆናሉ። ዓይነት የሌለው የፕሮግራም ቋንቋ እምብዛም የለም። ቋንቋዎቹን የሚለያያቸው ዓይነቱ የሚታወቀው መቼ ነው፣ የሚታሰረውስ በምን ላይ ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን ለማስረዳት ወደ ይፋግ ገበያ መሄድ ይጠቅማል። ይፋግ በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም፣ ከአዲስ ዘመን አጠገብ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚያልፈው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ከነበሩት ስመ ጥር ገበያዎች አንዱ የሚውለው በዚህች ስፍራ ነበር። በዚያ ዘመን በሰሜኑ ገበያ በገንዘብነት የሚያገለግሉት አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር ነበሩ። ጠገራ ብር ሲቀበል ነጋዴው ዝም ብሎ ወደ ኮረጆው አይከተውም። አገላብጦ ያየዋል፤ በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ይቆጥራል፤ ምልክቱ የጎደለ ወይም የፈገገ ከሆነ ይመልሳል። አሞሌም ቢሆን ጠርዙ የተሸረፈ እንደ ሆነ ዋጋው ይወርዳል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ምልክቱ ያለው በብሩ ላይ እንጂ በኮረጆው ላይ አይደለም። ኮረጆው ጧት ብር፣ ቀትር ላይ በርበሬ፣ ማታ ዶቃ ሊይዝ ይችላል፤ ብሩ ግን በየትኛውም ኮረጆ ቢገባ ብርነቱን ይዞ ይዞራል። ፓይተንና መሰሎቹ የሚሠሩት በዚህ አኳኋን ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ስም ኮረጆ ነው፤ የፈለገውን ይይዛል። እሴቱ ግን ዓይነቱን የሚናገር ምልክት በራሱ ላይ ተሸክሟል፤ ምልክቱም የሚመረመረው ግብይቱ በሚፈጸምበት ቅጽበት፣ ማለትም ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ ነው። በሲና በጃቫ ግን ነገሩ እንደ ቀድሞው የነጋዴ መንገድ ኬላ ነው፤ እያንዳንዱ ኮረጆ ምን እንደሚይዝ አስቀድሞ ይታወጃል፣ ወደ ገበያው ከመግባቱ በፊትም ይፈተሻል። ያልታወጀ ነገር የያዘ ከኬላው አያልፍም፤ ፕሮግራሙም ጨርሶ አይነሣም።

ከዚህ እንደምንረዳው «ተለዋዋጭ ዓይነት» የሚለው አባባል ሐሰት ነው ማለት ይቻላል፤ በፓይተን የአንድ እሴት ዓይነት አይለወጥምና። ቁጥር የነበረው ቁጥር ሆኖ ይኖራል። የሚለወጠው ስሙ የያዘው እሴት ነው። በሌላ በኩል ሁለቱም ቃላት አስቀድመው ተይዘዋል። በሒሳብ ትምህርት «ተለዋዋጭ» ዋጋው የሚለያየው ምልክት ነው፤ «ቋሚ» ደግሞ ዋጋው የማይነቃነቀው። የፕሮግራም ትምህርትም ሁለቱን ቃላት በዚሁ ትርጉም ወርሷቸዋል። ስለዚህ ተማሪው «ቋሚ ዓይነት ያለው ተለዋዋጭ» የሚል ሐረግ ሲያነብ ግራ ቢጋባ ጥፋቱ የተማሪው አይደለም።

የእነዚህን ቋንቋዎች ጥቅም በተመለከተ ከመጻሕፍት ይልቅ ከሥራችን የገጠመንን ብንናገር ሳይሻል አይቀርም። በ2009 ዓ.ም. በይፋግ ገበያ የእህል መለኪያ ስሞችን ስንሰበስብ መረጃው የሚመዘገበው አንድ ባለሙያ ባዘጋጀልን ፕሮግራም ነበር። ለእያንዳንዱ ስም፣ ለእፍኝ፣ ለጣሳ፣ ለእንቅብ፣ ለቁና፣ ለጫን፣ ልዩ ልዩ መስኮች ተከፍተዋል፤ ከእነዚህም አንዱ «በኪሎ ስንት ይሆናል» የሚል ሲሆን ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ታውጆ ነበር። መላሾቹ ግን የመለሱት እንደየልማዳቸው ነው። አንዳንዱ ቁጥር ተናገረ። አንዳንዱ «የቁና ግማሽ» አለ። አንዲት እናት ለጤፍ አንድ፣ ለገብስ ሌላ፣ ለኑግ ደግሞ ሌላ ቁጥር ሰጡ። ብዙዎቹ «ኧረ እንደ እህሉ ነው!» ብለው ሣቁ። ፕሮግራሙ ከቁጥር በቀር ማናቸውንም ስላልተቀበለ፣ መላሾቹም ፀሐይ ላይ ቆመው ስለሚጠብቁ፣ መዝጋቢው መስኩን በዜሮ እየሞላ አለፈ።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰን አማካዩን ስናሰላ አንድ ቁና ከአንድ ጣሳ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ እንዲህ ዐይን ያፈጠጠ ስሕተት ባይሆን ኖሮ ያ ቁጥር በመዝገበ ቃላቱ ረቂቅ ውስጥ ገብቶ ይቀር እንደ ነበር ስናስብ አሁንም ይሰቀጥጠናል። ከዚህም የባሰው ነገር በዜሮ የተሸፈነው መልስ ትክክለኛው ፍች መሆኑ ነው። ቁና የሚለካው ስፋትን እንጂ ክብደትን አይደለም፤ አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ገብስ በሚዛን አይተካከሉም። «እንደ እህሉ ነው» ያሉት ሰዎች ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚያሻውን ፍች በሦስት ቃላት ነግረውን ነበር፤ እኛ ግን የምንቀበልበት ቦታ አላዘጋጀንም።

ሥራው እንደገና በፓይተን ሲጻፍ መስኩ የመጣለትን ተቀበለ፤ ቁጥርም፣ ጽሑፍም፣ የቁጥሮች ዝርዝርም፣ ባዶም። አማካይ ሲሰላ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን እሴት ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ቁጥር ከሆነ ይደምራል፣ ዝርዝር ከሆነ በየእህሉ ይከፍላል፣ ጽሑፍ ከሆነ ለአዘጋጁ ለይቶ ያቀርባል። ይህን ለማድረግ የተጨመረው ጥቂት መሥመር ብቻ ነው።

ለፍትሕ ያህል መናገር የሚገባን ጉዳይ አለ። በቅድሚያ የሚፈትሹትም ቋንቋዎች «ቁጥር ወይም ጽሑፍ ወይም ባዶ» ብሎ የማወጅ መንገድ አላቸው፤ ስለዚህ የዜሮዎቹን ኀጢአት ሁሉ በቋንቋው ላይ መጫን ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን ያንን ለማወጅ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። የመስክ ጥናት ደግሞ የሚመጣው የማይታወቅበት ሥራ ነው፤ ቢታወቅማ ኖሮ ይፋግ ድረስ ባልሄድን ነበር። የመረጃውን ቅርጽ ገና በመፈለግ ላይ ላለ ተመራማሪ በሥራ ላይ የሚፈትሽ ቋንቋ የሚሰጠው ዋነኛ ጥቅም ከውሳኔ በፊት የማየት ዕድል ነው ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው ጥቅም የሙከራ ፍጥነት ነው። እነዚህ ቋንቋዎች በአብዛኛው ጠያቂና መላሽ ሆነው የሚሠሩበት ገበታ አላቸው፤ አንድ መሥመር ሲጻፍላቸው ወዲያው ይመልሳሉ። አንድ ምሳሌ እንስጥ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ሲካተት ፊደላቱ በተራ ቁጥር ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያው «ሀ» 4608 ነው፤ ለእያንዳንዱም የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቷል። የ«ሊ» ቁጥር 4618 ነው። ከዚህ 4608 ሲቀነስ 10 ይቀራል፤ 10 ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ደርሶ 2 ይተርፋል። ከዜሮ ጀምረን ብንቈጥር አንደኛው ቤት የ«ለ» ቤት ነው፤ ሁለተኛው እርከንም ሣልስ ነው። ዲቃላ ፊደላት ለብቻቸው ጥንቃቄ ቢሹም ስሌቱ ለአብዛኛው ፊደል ይሠራል። ስሌቱን በማናቸውም ቋንቋ መሥራት ይቻላል። ልዩነቱ የቋንቋ ሊቁ ያለ ፕሮግራም ባለሙያ ርዳታ፣ ዓይነት ሳያውጅ፣ በአንድ መሥመር ጠይቆ መልሱን ማግኘቱ ላይ ነው። ያላረካው እንደ ሆነ ወዲያው ሌላ ይጠይቃል።

በአገራችን ቋንቋዎች ላይ ከተሠሩት የኮምፒዩተር ሥራዎች የታወቁት አንዳንዶቹ ከዚህ ወገን ቋንቋዎች መምረጣቸው እንግዲህ አያስደንቅም። ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝ ፊደልን በቤትና በእርከን ለመፈለግ የሚያስችሉ መሣሪያዎችን ያበረከተው ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው በፐርል ነው። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረበው፣ የአማርኛን፣ የትግርኛንና የኦሮምኛን ቃላት ወደ ምዕላዶቻቸው የሚተነትነው ሆርንሞርፎ ደግሞ የተጻፈው በፓይተን ነው። የአማርኛ ቃል ሲተነተን የሚገኘው ውጤት አንድ ወጥ አይደለም። ግስ ሥር አለው፣ ባለቤትና ተሳቢ አመልካች አለው፣ አሉታም ሊኖረው ይችላል፤ ስም ግን ሌላ ነው፤ መስተዋድድ ደግሞ ከእነዚህ አብዛኞቹ የሉትም። ቅርጹ ከቃል ቃል የሚለያይ መረጃ ለያዘ ሰው፣ በየቃሉ ላይ የተገኘውን ብቻ መያዝ የሚችል ቋንቋ ሥራውን ያቀልለታል።

ሦስተኛው ጥቅም አንዱ ትእዛዝ ለብዙ ዓይነት መዋሉ ነው። «ርዝመትህ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ለጽሑፍም፣ ለዝርዝርም፣ ለመዝገበ ቃላትም ሊቀርብ ይችላል፤ የተጠየቀው መመለስ ከቻለ ማንነቱ አይጣራም። ፈረንጆቹ ይህን በዳክዬ ሰይመውታል፤ እንደ ዳክዬ የሚሄድና እንደ ዳክዬ የሚጮህ ዳክዬ ይባላል ከሚለው አባባላቸው ወስደው ማለት ነው። ከረቂቆቹ በአንዱ «የዳክዬ ዓይነት» ተብሎ ተተርጕሞ አይተናል። ዳክዬዋን እዚያው ብንተዋት ይሻላል። የአገራችን ሊቃውንት ስምን ሲከፍሉ «የግብር ስም» የሚሉት አላቸው፤ በሚሠራው ሥራ የተሰየመ ማለት ነው። ከዚህ ተነሥተን «በግብር የሚታወቅ ዓይነት» ብንል ጽንሰ ሐሳቡ በራሱ ቤት ይገባል።

ጕዳቱን ሳንናገር ማለፍ ግን አንባቢን ማታለል ይሆናል። በኬላ ያልተፈተሸ ስሕተት የሚገኘው በገበያው መካከል ነው። ፕሮግራሙ ሦስት ሰዓት ሠርቶ በመጨረሻው ካርድ ላይ ቁጥር ሲጠብቅ ጽሑፍ ሊያገኝና ሊቆም ይችላል። ምርመራው በየግብይቱ ስለሚደጋገምም ሥራው ብዙውን ጊዜ ይዘገያል። ብዙ ሰዎች ለብዙ ዓመታት የሚያዳብሩት ትልቅ ፕሮግራም ሲሆን፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ምን እንደሚቀበል ለማወቅ ይቸገራል። ከዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2012 ማይክሮሶፍት ታይፕስክሪፕትን ለጃቫስክሪፕት ተጠቃሚዎች አቅርቧል፤ ፓይተንም እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 3.5 እትሙ ጀምሮ ዓይነትን በፈቃድ የመጠቆሚያ ሥርዓት ይዟል። ጠቋሚው ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሲሆን አያስገድድም፤ የሚመረምረው ሌላ መሣሪያ ነው። ይህ አንዱ ወገን ተሸነፈ ማለት አይደለም፤ ገበያተኛው በኬላ ማለፍንም በእጅ መመርመርንም እንደየዕቃው መምረጥ ጀመረ ማለት ነው።

በተለይ አማርኛ ጸሐፊዎችን የሚመለከት አንድ አደጋ አለ፤ እኛም ወድቀንበታል። ከእ.ኤ.አ. 2008 ወዲህ ባሉት የፓይተን እትሞች ስሞችን በግዕዝ ፊደል መሰየም ይቻላል። ደስ ብሎን አንዱን ስም «ዓይነት» ብለን ጀመርን። ሃያ መሥመር ዝቅ ብሎ አንዱ ባልደረባችን «አይነት» ብሎ ጻፈ። ለእኛ ጆሮ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ዐይኑ «ዓ» እና አልፋው «አ» ሁለት ፊደላት ናቸው፤ ስለዚህ እሴት ሲሰጠው ዝም ብሎ ሁለተኛ ኮረጆ ከፈተ። ፕሮግራሙ ያለ ምንም ቅሬታ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ግማሹ መረጃ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ተከማችቶ ተገኘ። በጥብቅ አነጋገር ይህ የመጣው ስምን አስቀድሞ ማወጅ ካለማስፈለጉ ነው፤ ከዓይነት ፍተሻው የተለየ ጠባይ ቢሆንም በእነዚህ ቋንቋዎች ሁለቱ አብረው ይገኛሉ። ሞክሼ ፊደላትን በተመለከተ በዚህ ዘርፍ የሚካሄደው ክርክር ለብዙዎች የሊቃውንት ጨዋታ ይመስላቸው ይሆናል። በፕሮግራም ጽሑፍ ውስጥ ግን ክርክሩ የሁለት ቀን ሥራ አስወጥቶናል።

ከስያሜው ጋር የሚምታቱ ሁለት ጎረቤት ጽንሰ ሐሳቦችንም መለየት ያሻል። የመጀመሪያው ዓይነትን የመጻፍ ግዴታ ነው። በቅድሚያ የሚፈትሽ ቋንቋ ሁሉ ጸሐፊው ዓይነቱን እንዲጽፍ አያስገድድም፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተወለደው ከኤምኤል ጀምሮ ዓይነቱን ከአገባቡ ራሳቸው የሚደርሱበት አሉ። ስለዚህ «ዓይነት የሚታወጅበት» እና «ዓይነት የማይታወጅበት» የሚለው አከፋፈል አይበቃም። ሁለተኛው እንግሊዝኛው ብርቱና ደካማ የሚለው ልዩነት ነው። ፓይተን «3» የተባለውን ጽሑፍ ከ4 ቁጥር ጋር ደምር ቢሉት እምቢ ይላል፤ ጃቫስክሪፕት ግን ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ ለውጦ «34» ብሎ ይሰጣል። ሁለቱም የሚፈትሹት በሥራ ላይ ነው፤ አንዱ ግን ቈጣቢ፣ ሌላው ገር ነው። ይህን «ጥብቅ» እና «ልል» ማለት ይመቻል፤ ሆኖም በሰዋስዋችን ማጥበቅና ማላላት ለተናባቢ ድምፅ የተሰጡ ቃላት ስለ ሆኑ፣ የቋንቋ ጥናትና የኮምፒዩተር ጽሑፍ በሚገናኙበት ስፍራ «ዓይነተ ጥብቅ» እና «ዓይነተ ልል» እያልን ብንለይ እንመርጣለን።

ስለ ማጥበቅና ማላላት ካነሣን ዘንድ፣ አንዳንድ መምህራን የአማርኛን አጻጻፍ ለዚህ ትምህርት በምሳሌነት ሲጠቀሙበት ሰምተናል። «ገና» ተብሎ ሲጻፍ በዓሉ ይሁን ጊዜን አመልካቹ ተውሳከ ግስ፣ «አለ» ሲጻፍ መናገር ይሁን መኖር፣ ጽሑፉ አያውጅም፤ አንባቢው የሚወስነው በንባቡ ጊዜ ነው። ምሳሌው ለመግቢያ ያህል መልካም ነው። ከዚያ በላይ ግን አይሄድም፤ በፓይተን እሴቱ ምልክቱን በራሱ ላይ ተሸክሟልና፤ «ገና» ግን ምንም ምልክት የለበትም።

እነዚህን ሁሉ ካመዛዘንን በኋላ ለአንባብያን አስተያየት የምናቀርባቸው ስያሜዎች «ዓይነትን በቅድሚያ ፈታሽ ቋንቋ» እና «ዓይነትን በሥራ ላይ ፈታሽ ቋንቋ» የሚሉት ናቸው፤ ዐውዱ ግልጽ በሆነበት «በቅድሚያ ፈታሽ» እና «በሥራ ላይ ፈታሽ» ተብለው ሊያጥሩ ይችላሉ። «ፈታሽ» የተመረጠው ማንም ተጓዥ የሚያውቀው ቃል ስለ ሆነ ነው። ርዝመታቸው ቅር የሚያሰኝ መሆኑን አንክድም። ከመካከላችን አንዱ ለሁለተኛው «ደርሶ ፈታሽ» የሚል አጭርና ያማረ ስያሜ አቅርቦ ነበር፤ ጕዳዩ ደርሶ የሚፈትሽ ለማለት ነው። ሁላችንም ወደድነው። በኋላ ግን «ደርሶ ይቆጣል» ሲባል ያለ ምክንያት፣ ድንገት የሚቆጣ ማለት መሆኑን አንድ ተማሪ አስታወሰንና ተውነው። ለነገሩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ንጋት ላይ በመጨረሻው ካርድ የቆመ ፕሮግራም አጋጥሞት የሚያውቅ ሰው፣ ሁለተኛው ትርጉምም ቢሆን ብዙ አይርቅም ይል ይሆናል።